ከአምስት ፊደል የወጣ ዳቦ ቤት

ሰውየውን በእውነተኛ ስሙ የሚጠራው ደሞዝ ከፋዩ ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ፣ ሚስቱም ሳትቀር፣ «ዲክሽነሪ» ነው የሚለው። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ስሙን ያወጡለት ለፌዝ ነበር፤ እሱ ግን እንደ ሹመት ተቀበለው። «ዲክሽነሪ መጣ» ብለው ሲሳሳቁ ክራባቱን አስተካክሎ አንገቱን ቀና ያደርጋል።

በውኃ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጧል። ተቀምጧል ማለት ይሻላል፤ ሠርቷል ለማለት ምስክር ያስፈልጋል። ፋይል ፈላጊ መስኮቱ ላይ ቆሞ ሲያስል፣ ቀና ሳይል አንድ ጣቱን ብቻ ያነሳል። «ጠብቅ» ማለቱ ነው። ፊት ለፊቱ ከአለቃው ቢሮ ተነብቦ የወረደ፣ አንድ ቀን ያለፈበት የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ተዘርግቷል። በጋዜጣው የመጨረሻ ገጽ ክብ ውስጥ የተበተኑ ሰባት ፊደሎች አሉ። ጨዋታው ከእነዚያ ፊደሎች የሚወጡ የእንግሊዝኛ ቃሎችን መልቀም ነው። «ሃያ ቃል ያገኘ ጎበዝ፣ ሠላሳ ያገኘ በጣም ጎበዝ» ይላል ጋዜጣው። ዲክሽነሪ አርባ ሳይሞላለት ከወንበሩ አይነሳም። ፊደሎቹ መሃል ዜድ ወይም ኪው ያለችበት ቀን ከሆነማ፣ ቧንቧው የፈነዳበት ሰው ነገ ተመለስ ይባላል።

አንዴ መልሱን በፖስታ ልኮ ጃንጥላ ተሸለመ። ያቺ ጃንጥላ ዝናብ አይታ አታውቅም። ሳሎን ውስጥ ከሠርግ ፎቶው ጎን ሚስማር ተመትቶላት ተሰቅላለች። ሚስቱ በክረምት ፌስታል ጭንቅላቷ ላይ ደፍታ ገበያ ስትወጣ ጃንጥላዋ ግድግዳው ላይ ደርቃ ትሸኛታለች።

ከጃንጥላዋ ሌላ አራት ወፋፍራም ደብተሮች አሉት። አንደኛው ደብተር ኪው ኖሯቸው ዩ የሌላቸውን ቃሎች ይዟል። ሁለተኛው በኤክስ የሚያልቁትን ይዟል። በሌሎቹ ደግሞ አናባቢ የማይነካቸው፣ አንድ ፊደል ሦስቴ የሚደጋገምባቸው፣ ተገልብጠው ሲነበቡም ቃል የሚሆኑ፣ ሁሉም በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ተሰምሮባቸው ተደርድረዋል። ደብተሮቹ ላይ የሌለው አንድ ነገር ቢኖር ትርጉም ነው። አንድ ጊዜ ሚስቱ «እነዚህ ሁሉ ምን ማለት ናቸው?» ብላ ብትጠይቀው፣ «ትርጉም ቦታ ይፈጃል» አላት።

የመልሱ ነገር የገባት ቆይቶ ነው። ጨጓራዋን አሟት መድኃኒት ይዛ የመጣች ዕለት፣ ጠርሙሱን ሰጠችውና «ከምግብ በፊት ነው በኋላ?» አለችው። ጠርሙሱን አሽከረከረው። መነጽሩን ወለወለ። ሩብ ሰዓት ቆይቶ ፊቱ በራ። «አሥራ ሰባት ቃል አለበት!» አለ። «ከዚህች ከረጅሟ መስመር ብቻ አሥራ ሰባት!» ሚስቱ ጠርሙሱን ከእጁ ነጥቃ ወደ ፋርማሲዋ ተመለሰች።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ የቤተሰቡ የተማረ ሰው የሚባለው። ልጅ ሲወለድ፣ ደብዳቤ ሲጻፍ፣ ሱቅ ሲከፈት፣ እሱ ሳይጠየቅ አይሆንም። ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ይባስ ብሎ የወንድሙ ሚስትና የወንድሙ ልጅ ጉዳይ በሙሉ በእሱ በኩል ካላለፈ እንደ ንቀት ይቆጥረዋል።

የወንድሙ ልጅ ጋጋሪ ናት። ሁለተኛ ደረጃን ጨርሳ ዘጠኝ ዓመት በሰው ምድጃ ዳቦ ጋግራለች። ግራ ክንዷ ላይ የምድጃ አፍ የተወው ጠባሳ እንደ ደረጃ ተደርድሯል። የአራት ዓመት ልጅ አላት፤ ባሏ ሹፌር ነው፤ ከሳምንቱ ግማሹን መንገድ ላይ ያሳልፋል። አሁን ከጫማ ሰፊ የቀረ አንድ ክፍል ተከራይታለች። ግድግዳውን ራሷ ቀብታ፣ ያገለገለ ምድጃ አስገብታ፣ የሊጥ ጠረጴዛውን አስጠርባ፣ የመጨረሻው ነገር ብቻ ቀርቷታል፤ ስም።

ስሙ ቀልድ አልነበረም። የፈቃድ ተቆጣጣሪው ዓርብ ከሰዓት ይመጣል። ቅጹ ላይ የተጻፈው ስምና በሩ ላይ የተሰቀለው ታፔላ አንድ ካልሆነ ፈቃድ የለም። በቀለም የተጻፈ አይቀበልም፤ ተቆርጦ የተገጠመ ፊደል ነው የሚፈልገው። ዓርብ ካለፈ የሚቀጥለው ተራ ከሦስት ወር በኋላ ነው። አከራይዋ ደግሞ ሦስት ወር የሚጠብቅ ሰው አይደለም፤ ክፍሉን የሚፈልግ ስልክ ጠጋኝ በየሁለት ቀኑ እየመጣ በሩን በክንዱ ይለካል።

ታፔላ ሠሪው ጎረቤቷ ነው። ችግሯን ሰምቶ አምስት ፊደሎች አወጣላት። ቀይ፣ ወፍራም ፕላስቲክ፣ ቁመታቸው ከክንድ የሚበልጥ፣ ዓይን የሚስቡ ናቸው። «ካስል» ለሚባል ሆቴል ሠርቷቸው ባለቤቱ በዚያው ቀረ። መጀመሪያ ስድስት ነበሩ፤ ሲ የምትባለዋ ከመሰላል ወድቃ ተሰባብራለች።

«ውሰጂያቸው፤ ቦታ ነው የያዙብኝ» አላት። «ግን ያሉኝ እነዚሁ ናቸው። ፕላስቲኩ እስከሚቀጥለው ወር አይገባም።»

ኤ፣ ኤስ፣ ቲ፣ ኤል፣ ኢ። ጋጋሪዋ በወረቀት ጽፋቸው ለእናቷ አሳየቻት።

«አጎትሽ እያሉ አንቺ ምን አስጨነቀሽ?» አለች እናቷ። «ለእሳቸው አንድ ቀን የማይሞላ ሥራ ነው። ደግሞ ሳትጠይቂያቸው ብትሰቅዪ ዕድሜ ልኬን ሲወቅሱኝ ይኖራሉ።»

ረቡዕ ዕለት ሁለቱም ሄዱ። ዲክሽነሪ ሳሎኑ ውስጥ ከጃንጥላዋ ሥር ተቀምጦ ነበር።

«ጋሼ፣ አምስት ፊደል ናቸው» አለችው ጋጋሪዋ። «ከእነዚህ ለዳቦ ቤት የሚሆን ስም ይፈልጉልኝ።»

«አምስት ብቻ?» አለ፤ ለጉንፋን እንደ ጠሩት ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም ቅር እያለው። ወረቀቱን አንዴ አይቶ ጠረጴዛው ላይ ጣላት። ዓይኑን ጨፈነ። «ስቲል!» አለ ወዲያው። «ኤስ፣ ቲ፣ ኢ፣ ኤ፣ ኤል። አምስቱንም የበላ!»

«ጋሼ፣ እሱ መስረቅ ማለት ነው።»

«ቃል ነው አይደለም?»

«ቃልማ ነው። ዳቦ ቤቴ በር ላይ ‹ስርቆት› ብዬ ልስቀል?»

ከወጥ ቤት የሚስቱ ሳቅ ተሰማ። ዲክሽነሪ ወደ ወጥ ቤቱ ገላምጦ ቀጠለ። «ሊስት!»

«ከሁሉ ያነሰ።»

«ቴልስ!»

«ተረት። ዳቦው ተረት ከሆነ ማን ይበላዋል?»

«ስሌት! ይሄንንስ ምን ልትዪው ነው?»

«የድሮ ልጆች የሚጽፉበት ጥቁር ድንጋይ ነው፤ መምህራችን ነግረውናል። ዳቦዋ አርሮ ጠቁሯል እንዲሉኝ ነው?»

የዲክሽነሪ ደም ፈላ። ሠላሳ አንድ ዓመት ቃል ሲለቅም አንድም ሰው እንዲህ አድርጎ አልመለሰበትም፤ መቼም የመዝገብ ክፍሉ ፋይሎች አፍ የላቸውም። «የእናንተ ዘመን ልጆች ትርጉም፣ ትርጉም!» አለ። «አንቺን ትምህርት ቤት ሦስት ቃል አስይዘው ለቀቁሽና አስተማሪ ልትሆኚብኝ! እኔ የረሳሁትን...» አረፍተ ነገሩ አላለቀም፤ አዲስ ቃል መጥቶለት ነበር። ሁለት እጁን እንደሚባርክ ሰው አነሳ። «ስቴል!»

ጋጋሪዋ ወረቀቱን አንስታ ፊደሎቹን አየች። ይህን አታውቀውም።

«እሱስ ምን ማለት ነው?»

ዲክሽነሪ ጃንጥላዋን ቀና ብሎ አየ። «ትልቅ ቃል ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ስታይል ከሚለው ጋር ዘመድ ነው። እንዲሁ... ዘመናዊ፣ ያማረ፣ እንደዚያ ነው ነገሩ።»

«በእርግጥ ያውቁታል ጋሼ?»

እናቷ በክርኗ ጎሸመቻት። «አጎትሽ አሉ እኮ!»

ጋጋሪዋ ልቧ አላረፈም። ግን ቤቷ ዲክሽነሪ የሚባል መጽሐፍ የለም፤ ስልኳ ከመደወልና ከባትሪ መብራት ሌላ ነገር አያውቅም፤ ሱቁ ውስጥ ደግሞ የምድጃው ጭስ መውጫ ገና አልተገጠመም። እሺ ብላ ወጣች። በኋላ ስታስበው በራሷም የተናደደችው በዚህች «እሺ» ነው። ጃንጥላ ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ሰው የነገራትን አምና መሄዷ!

ሐሙስ ታፔላ ሠሪው ፊደሎቹን ነጭ ሰሌዳ ላይ ደረደረና በብሎን አሰራቸው። ሰሌዳው ቀለሙ እንዲደርቅ ሱቁ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ አደረ።

ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሁሉም ተሰብስበዋል። እናቷ ጥሩ ሻርፗን ለብሳለች። ታፔላ ሠሪው መሰላሉን ይዞ መጥቷል። ዲክሽነሪ ከመሥሪያ ቤት «ለአስቸኳይ ጉዳይ» አስፈቅዶ፣ ክራባት አስሮ፣ የቀለም ብዕሩን ደረት ኪሱ ላይ ሰክቶ ደርሷል። ቅጹን በእኔ የእጅ ጽሕፈት ካልሆነ ብሏል። ጋጋሪዋ ስሙ የሚጻፍበትን መስመር ባዶውን ትታለት የመጀመሪያዎቹን የሙከራ ዳቦዎች ከምድጃ እያወጣች ነው። ሽታው መንገዱን ተሻግሮ የፋርማሲዋን ሴት ከባንኮኒዋ ጀርባ አስነሳት። ያቺው የጨጓራውን ጠርሙስ ያነበበችው ናት።

«እንኳን አደረሰሽ ጎረቤት! ትኩስ ዳቦ...» ብላ ገባችና ሰሌዳውን አየች። ቆመች። ከንፈሯን ነከሰች፤ አልቻለችም፤ የበሩን መቃን ይዛ እስክታለቅስ ሳቀች።

«ምነው?» አለች ጋጋሪዋ፤ የጨርቅ ጓንቷን እንዳጠለቀች።

«ይሄን ስም ማነው ያወጣልሽ?»

«አጎቴ ናቸው። እኚህ ናቸው።»

«ውይ፣ ይቅርታ አባቴ» አለች ባለፋርማሲዋ፤ ሳቋ ግን አልቆመም። «ስቴል ማለት እኮ... ያደረ ማለት ነው። ያደረ፣ የደረቀ። ደግሞ በተለይ ለዳቦ ነው የሚባለው! ‹ያደረ ዳቦ ቤት› ብለሽ ልትከፍቺ ነው?»

ጋጋሪዋ የያዘችውን የዳቦ ትሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እናቷ ሻርፗን አፏ ላይ አደረገች። ያልደነገጠ ሰው አንድ ብቻ ነበር።

«ማስረጃ!» አለ ዲክሽነሪ።

ባለፋርማሲዋ መንገዱን ተሻግራ ሄዳ ጥግ ጥጉ የተበላ የዲክሽነሪ መጽሐፍ ይዛ ተመለሰች። ገልጣ፣ ጣቷን አስቀምጣ አነበበችለት፤ ለምግብ የሚነገር፣ በተለይ ለዳቦ፣ ትኩስነቱን ያጣ። ዲክሽነሪ መነጽሩን አውልቆ ወደ ገጹ አጎነበሰ። ቀና ሲል ፊቱ እንደ አዲስ ሙሽራ በርቷል።

«አለ አይደል?» አለ ዙሪያውን እያየ። «አላልኩም? መጽሐፍ ላይ አለ! ገጹ ስንት ነው?»

«ጋሼ» አለች ጋጋሪዋ፤ ድምፅዋ ከወትሮው ዝቅ ብሎ። «ስምንት ሰዓት ላይ ተቆጣጣሪው ይመጣል።»

«ታዲያ ቃሉ ትክክል ነው።»

«ጎዳናው ላይ ሁለት ዳቦ ቤት አለ። እንግሊዝኛ የሚያነብ አንድ ተማሪ ቢያልፍ፣ በማግስቱ ሰፈሩ በሙሉ ‹ያደረ ትሸጣለች› ይለኛል። ያለ ስም ብቀር ደግሞ ክፍሉን ስልክ ጠጋኙ ይወስደዋል።»

«እንግዲያው ስቲል ይሁን» አለ ዲክሽነሪ።

ጋጋሪዋ ምን ብላ ትመልሳለች? የአባቷ ወንድም ነው፤ በዕድሜ ይበልጣታል፤ አፏ ላይ የመጣውን ብትናገር እናቷ እዚያው ትወድቃለች። ብሎን መፍቻ ተቀበለችና አምስቱን ፊደሎች አንድ በአንድ ፈታቻቸው። ዱቄት የተነሰነሰበት የሊጥ ጠረጴዛዋ ላይ አጋደመቻቸው። ዲክሽነሪ ከትከሻዋ በላይ እያየ ቃል መጥራቱን አላቋረጠም፤ ሦስት ፊደል፣ አራት ፊደል፣ «ሲት!»፣ «ሌት!»፣ «ሎስት ግን ኦ የለንም!» ይላል፤ እንደ ተከፈተ ሬዲዮ።

እሷ እሱን ትታ ዳቦውን አየች። ዘጠኝ ዓመት ሰዎች ዳቦዋን ሲቆርሱ የሚሉትን ታውቃለች፤ አንድ ነገር ነው የሚሉት።

«ጣዕም በእንግሊዝኛ ቴስት ነው አይደል?» አለቻት ባለፋርማሲዋን።

«ነው። ቲ፣ ኤ፣ ኤስ፣ ቲ፣ ኢ።»

ጋጋሪዋ ቲን አስቀመጠች። ቀጥላ ኤን፣ ቀጥላ ኤስን። ኢን መጨረሻ ላይ አደረገች። መሃል ላይ የአንድ ፊደል ባዶ ቦታ ቀረ፤ በእጇም ኤል ቀረች።

«አይወጣም» አለ ዲክሽነሪ ደስ እያለው። «ቲ አንድ ነው ያለሽ። የተሰጠሽን ፊደል ሁለቴ መጠቀም ክልክል ነው። ይሄ ሕግ ነው።»

«የማን ሕግ?»

«የጨዋታው!»

ኤልን አገላብጣ አየቻት። አንድ ቋሚ፣ ከግርጌው ወደ ቀኝ የወጣ አንድ እግር። ዘቀዘቀቻት፤ እግሩ ጣራ ላይ ወጣ፤ ግን ወደ አንድ ወገን ብቻ ተዘረጋ። ረዝሟል። ለአንድ ዳቦ የበዛ ሊጥ ሲገጥማት ምን እንደምታደርግ እጇ ከጭንቅላቷ ቀድሞ ያውቃል።

«ሴጌቶ ይዘሃል?» አለችው ታፔላ ሠሪውን።

ታፔላ ሠሪው የብረት መጋዙን ከመሣሪያ ሣጥኑ አወጣ፤ ገብቶት እየሳቀ። «ማስቲሽም አለኝ» አለ።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለ ዲክሽነሪ። ጋጋሪዋ የኤልን እግር መሃሉ ላይ በጥፍሯ ምልክት አድርጋ መጋዙን አስቀመጠችበት። «አንቺ ልጅ! ፊደል አይቆረጥም!»

«ሊጥ ይቆረጥ የለ።»

«ኤል ነው እኮ! ኤልን ቲ ማድረግ ማጭበርበር ነው! እንዲህ ቢፈቀድማ ማንም ማይም ተነስቶ...»

«ጋሼ፣ ይቺን ጫፏን ያዙልኝ፤ እየተንቀሳቀሰች ነው።»

ያዘ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፋይል ለሰው ማቀበል የከበደው እጅ፣ እየተቆጣም ቢሆን ያዘ። የተቆረጠው ግማሽ እግር በሌላው ወገን በማስቲሽ ተለጠፈ። ኤል የነበረችው ቲ ሆነች። ትንሽ ግራ ክንዷ ዝቅ ብሏል፤ ከመንገዱ ማዶ ግን ማንም አይለየውም።

«ብዕርዎን ያውሱኝ» አለችው ጋጋሪዋ። ሳያስበው አቀበላት። ባዶው መስመር ላይ ራሷ በደንብ በሚነበብ ጽሕፈት «ቴስት» ብላ ጻፈችና የብዕሩን ክዳን ዘግታ መለሰችለት።

ተቆጣጣሪው ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። ቅጹን አየ፤ በሩ ላይ የተሰቀለውን ታፔላ አየ። አንገቱን ዘንበል አደረገ።

«ይቺ ሁለተኛዋ ቲ ክንዷን አላመማትም?»

«ምድጃ ላይ የምትሠራ ሁሉ ያማታል» አለችው ጋጋሪዋ፤ ጠባሳዋን እያሳየች።

ተቆጣጣሪው ሳቀና ማኅተሙን መታ። እናቷ እልል ልትል አፏን ከፍታ ዲክሽነሪን ብታየው ዋጠችው። እሱ ክራባቱን እየፈታ ነበር። «እኔ አልቆጥረውም» አለ ለማንም ሳይሆን፤ «ከተሰጡት ፊደሎች አይወጣም።» ወጥቶ ሄደ።

ቅዳሜ ዳቦ ቤቱ ተከፈተ፤ አምስት ሰዓት ሳይሞላ ባዶ ትሪ ብቻ ቀረ። እሑድ ብዙ ጋገረች፤ ትንሽ ተረፈ። ሰኞ ጠዋት የተረፈውን በቅርጫት አድርጋ በሩ ጎን አኖረችው፤ በግማሽ ዋጋ ለሚፈልግ። ከትኩሱ እንዲለይ ምልክት ያስፈልገዋል። ካርቶን ቀደደችና በከሰል ጫፍ ያቺን የአጎቷን ቃል ጻፈችበት፤ ኤስ፣ ቲ፣ ኤ፣ ኤል፣ ኢ። ቃሉ መቼም ውሸት አልነበረም፤ ቦታውን ነው ያጣው።

ዲክሽነሪ ወደ ሥራው ሲሄድ አንገቱን ደፍቶ ሊያልፍ ነበር። ካርቶኑን አየ። ቆመ። ተመለሰና ከቅርጫቱ ጎን ልክ የራሱን ሐውልት እንደሚያስመርቅ ሰው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ይቺ የእኔ ናት» አለ ዳቦ ለምትመርጥ ሴት። «አምስቱንም ፊደል የበላች። እዚያ ላይ ያለችውን አትዪ፣ እሷ ቅጥፈት ናት፤ ትክክለኛዋ ይቺ ናት።»

ሴትየዋ ካርቶኑንም እሱንም አይታ፣ ሁለት ዳቦ ይዛ ሄደች። እሱ ለሚመጣው ሁሉ እንዲሁ እያለ ቆየ፤ መዝገብ ክፍሉ መስኮት ላይ የሚያስለው ሰው መቼም ለምዶታል። ቅርጫቱ ሊያልቅ ሲል ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ ተጣራ።

«አንቺ ልጅ! ለእኔም ስጪኝ እንጂ!»

«ትኩስ አለ ጋሼ። አሁን ነው የወጣው።»

«አይ አይ» አለ ዲክሽነሪ፤ ካርቶኑን በአክብሮት እያቃና። «ከራሴው ስጪኝ።»

ጋጋሪዋ ከሥር ካለው፣ ከደረቀው፣ ሁለት መርጣ በወረቀት ጠቀለለችለት።